ከ«ሀ ሁ» በኋላ ልጁ ምን ያንብብ? አራት ኪሎ ላይና ስልካችሁ ውስጥ ያሉ አማራጮች

አራት ኪሎ መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ ቆማችሁ «የልጅ መጽሐፍ አለ?» ብትሉ መጀመሪያ የሚዘረጋላችሁ የፊደል ገበታ ነው። ጥሩ ነው። ግን 33ቱን ፊደላት ከነ7 ዘራቸው፣ ማለትም 231ዱን የለየ ልጅ ከዛ ቀጥሎ ምን ያንብብ? ብዙ ቤት ውስጥ ያለው የትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቻ ነው። ታናናሾች ላላችሁና አዲስ ወላጅ ለሆናችሁ የምናውቀውን ሰብስበናል።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚባለው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል? ልጅ ይሄን የሚለየው ታሪክ ሲከተል እንጂ የተነጠለ ቃል ሲቆጥር አይደለም። ስለዚህ ፊደል ለየ ብላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ጮክ ብላችሁ አብራችሁት አንብቡ። ተረት ይሻላል የምንለውም ለዚህ ነው።

ቅርባችን ያለው አብርሆት ነው። ፓርላማው አካባቢ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው ይሄ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍልም አለው። መግቢያው ነፃ ነው፤ መታወቂያ ግን ያዙ። ልጁ ራሱ መደርደሪያው ጋ ሄዶ ይምረጥ።

ምርጫው ይከብደው እንደሆነ ለማወቅ የአምስት ጣት ዘዴ አለች። አንድ ገጽ አስነብቡት፤ ባቆመው ቃል ልክ አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለብቻው ይከብደዋል። አትመልሱት፣ እናንተ አንብቡለት።

ስልክ ላይ ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ አለ። ከቋንቋዎቹ አማርኛን ስትመርጡ ባለ ሥዕል ታሪኮች በነፃ ይመጣሉ፤ በደረጃም ተለይተዋል። ዋይፋይ ስታገኙ አውርዳችሁ ያዙ፣ ዳታ አይበላችሁም። አንዳንዱ ትርጉም ግን ወዛም አይደለም፤ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ አንብቡት። አባዝቶ ማተምም ይፈቀዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በደብተር መልክ ሁለቱንም ገጽ አሳትሙ፤ ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ 4 ወረቀት ብቻ ይወስዳል። መሃሉን በስቴፕለር ምቱት፣ አለቀ። እውነት ለመናገር ልጅ ከስልክ ይልቅ እሱን ነው ደጋግሞ የሚገልጠው።

ማየት ለሚወዱት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዩቲዩብ ላይ አለ። የጀመረችው የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ነው። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ብትሆንም አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

ውጭ ሀገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያለባቸውን መጻሕፍት አስልኩ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ከዛ የቂሉን ማሞን ተረት በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ። በዓመቱ እዚሁ አዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ።