ፀበሉና ኪኒኑ፦ በመድኃኒት ቤት መስኮት ያልተጠየቀው ጥያቄ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ተራራ ላይ፣ በፀበሉ ዙሪያ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ብዙ ሰዎች ትንንሽ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ናቸው። ቤተሰብ ያገለላቸው፣ ሐኪም «መድኃኒት የለውም» ብሎ የሸኛቸው ነበሩባቸው። ማለዳ በብርድ ይጠመቃሉ፣ ይጾማሉ፣ ተስፋ ያደርጋሉ። ያኔ በሩን የከፈተላቸው ፀበሉ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ቀጥሎ የሆነውን አይረዳውም።

መድኃኒቱ ዘግይቶ መጣ። በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። የያኔው ኪኒን በየ12 ሰዓቱ፣ ሳይቋረጥ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። ከተቆራረጠ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ፀበልተኛው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም። አንዳንድ አጥማቂዎችም ኪኒን መዋጥን እንደ እምነት ጉድለት ይቆጥሩ ነበር። ከሁለቱ ምረጥ የተባለው በሽተኛ ኪኒኑን ተወ። በዚህ ምክንያት የሞቱ አሉ።

ፋርማሲስቱስ ምን ያደርግ ነበር? «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብሎ ይሰጣል። በሽተኛው «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «እምቢ» ማለት ነውር ነውና ያ «እሺ» ምንም አይናገርም። ጥፋቱ የግለሰቡ ብቻ አልነበረም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሰጠው የፋርማሲ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በመድኃኒቱ ላይ ነው፦ ቅመማው፣ ኬሚስትሪው፣ አቀማመጡ። የሚውጠው ሰው በትምህርቱ ውስጥ ጠባብ ቦታ ነበረው።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ኪኒኑ አልተለወጠም፣ ፀበሉም አልተለወጠም። ሐኪም ለዓመታት ሲለው የኖረው ነገር በሽተኛው ከሚያምነው አንደበት ወጣ እንጂ። ኪኒናቸውን በፀበል የሚውጡ ሰዎችም ታዩ።

ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ በሽተኛው ዞሯል፤ ተማሪው ወደ አልጋ ክፍል ይገባል። ጥሩ ነው። ግን «ኦርቶዶክሱ እንዲህ ነው፣ ሙስሊሙ እንዲያ ነው» የሚል ዝርዝር ማሸምደድ ባህል ማወቅ አይደለም። አንዱ ጾመኛ ኪኒን ጾም ይሽራል ይላል፤ ጎረቤቱ አይሽርም ይላል። መፍትሔው መጠየቅ ነው፦ «እናቴ፣ ፀበል እየሄዱ ነው? በጾም ጊዜ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ላይ ይወስዱታል?» ረመዳን ለሚጾመውም እንዲሁ፤ በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት ሊስተካከል የሚችል መድኃኒት ብዙ ነው።

ማክበር ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም። ሊዘለል የማይችል መድኃኒት ካለ በግልጽ ይነገራል፤ «የንስሐ አባትዎን ያማክሩ» ይባላል። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፤ እስልምናም እንዲሁ።

ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪው ሳይመረቅ በፊት፣ እንደ መጠን ስሌቱ ሁሉ፣ ሊፈተንበት ይገባል። በእንጦጦ ያ ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ኪኒናቸውን ያልተዉ ብዙዎች በኖሩ ነበር።