የወይና ደጋ ጦርነት ፊልም ቢሠራለት

ሰሞኑን ጎንደር ላይ ከወዳጆቼ ጋር የሪድሊ ስኮትን «ኪንግደም ኦፍ ሄቨን» አይተን ስናበቃ አንዱ፣ «የግራኝ አሕመድና የአፄ ገላውዴዎስ ጦርነትም እንዲህ ቢሠራ! ለቀረጻው እንደሆነ ፋሲል ግቢ አለልን» አለ። ሐሳቡን ወደድኩት፤ ቦታውን ግን አልተቀበልኩትም።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቀው ወይና ደጋ የወደቁት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ደግሞ በ1636 ገደማ። በመካከሉ ከዘጠና ዓመት በላይ አለ። ገላውዴዎስን ከፋሲል ግንብ ደጃፍ ማዝመት ታሪክን ማፋለስ ይሆናል።

የቦታና የዘመን ስሕተት እንኳ በቀላሉ ይታረማል። የሚከፋው ለመልካም ዓላማ ተብሎ የሚደበቀው እውነት ነው። በ2005 ለእይታ የበቃው የስኮት ፊልም ሳላሃዲን በ1187 ኢየሩሳሌምን መያዙን ይተርካል። በፊልሙ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ባሊያን በታሪክ የመሳፍንት ወገን ነበር፤ ይህን ለድራማው ሲባል እንለፈው። ከተማዋ እጅ ስትሰጥ ግን ነዋሪው የወጣው ቤዛ እየከፈለ ነው። መክፈል ካልቻሉት በሺህ የሚቆጠሩት ለባርነት ተዳርገዋል። መቻቻልን የሚሰብከው ፊልም ይህን አያሳየንም።

የእኛስ? አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸው መታየት አለበት። የአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ ተማርኮ ወደ የመን መላኩም እንዲሁ። ጦርነቱ የሁለት ሃይማኖቶች ብቻም አልነበረም፤ ከገላውዴዎስ ጎን ፖርቱጋሎች፣ ከኢማሙ ጎን ባለ ነፍጥ ቱርኮች ተሰልፈዋል።

ለእኔ የፊልሙ ልብ የኢማሙ አወዳደቅ አይደለም። በወይና ደጋ የኢማሙ ልጅ በገላውዴዎስ ጦር እጅ ወደቀ። ያን ጊዜ የንጉሡ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ተላልከው ምርኮኛ ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ሚናስም ኋላ ለመንገሥ በቃ። ፊልሙ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር፤ ታሪኩ ግን አያበቃም። ድል ወንበራ የባላቸውን ደም ለመመለስ ቆርጠው ነበር፤ ገላውዴዎስም በ1559 ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሁለቱም እውነት ነውና ሁለቱም ይታይ።

ነገሩ ለእኛ የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ የእስልምና አባት ቀብር ላይ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የዚህች ከተማ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ አዳራሽ ተቀምጠው የሚያዩት ፊልም አንዱን ሰይጣን፣ ሌላውን መልአክ ካደረገ ቂም ያድሳል። በደሉን ከሸፋፈነም የሚያምነው አይኖርም። የሁለቱን እናቶች ጭንቀት ሳያዳላ ካሳየ ግን፣ ከአዳራሹ ስንወጣ የምንነጋገርበት ነገር ይኖረናል።