የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ መተግበሪያዎች በዋግ ኽምራ

የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ መተግበሪያ አንድ ሰው ያየውን ወይም ድምፁን የሰማውን ወፍ ከቦታው፣ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከብዛቱ ጋር የሚመዘግብበት፣ መዝገቡንም በአንድ አካውንት ከስልክ፣ ከታብሌትና ከኮምፒውተር ከፍቶ የሚያገኝበት ሶፍትዌር ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ኢበርድ የሚባለው ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ተቋም ከናሽናል ኦዱበን ማኅበር ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ2010 ለመላው ዓለም ተከፈተ፤ በ2015 የራሱን የስልክ መተግበሪያ አወጣ። በ2021 የተመዘገቡበት ምልከታዎች ከ1 ቢሊዮን አልፈዋል።

እንዲህ ያለው መዝገብ በዋግ ኽምራ የሚጠቅመው ቦታው በትክክል ሲገለጽ ነው። በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን መሬቱ እየተሰነጣጠቀ እስከ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሸለቆውን ሐይቅ አድርጎታል፤ በዝቋላና በአበርገሌ ወረዳዎች በኩል ዛሬ ዓሣ ይጠመድበታል። በደጋው ገደል ላይ አጥንት ከፍ አድርጎ ከድንጋይ ላይ የሚጥለው ጺማሙ አሞራ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ የሆነው ረጅም ምንቃር ወፍ ይኖራሉ። በቆላው ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ሰቆጣ» ብሎ ብቻ መጻፍ ለአጥኚ ብዙም አይጠቅምም፤ ያ ወፍ ከደጋው ይሁን ከሐይቁ ዳር አይለይምና።

ከመተግበሪያዎቹ በፊት የነበሩት መዛግብት ችግርም ይኸው ነበር። የእንግሊዙን ጄኔራል የናፒየርን ጦር ተከትሎ በ1868 እ.ኤ.አ. በአሸንጌ ሐይቅ በኩል እስከ መቅደላ የዘለቀው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ የሰበሰበውን በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ፤ መዝገቡ ግን ያለፈበትን መንገድ የተከተለ ነው። ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ አእዋፍ አትላስ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ካርታው በግማሽ ዲግሪ የተከፈለ በመሆኑ አንዱ አራት ማዕዘን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን አለው። በዋግ መልክዓ ምድር በዚህ ስፋት ውስጥ ደጋም ቆላም ይገባል። የስልክ ጂፒኤስ ይህን ችግር በአብዛኛው ፈትቶታል። መዝጋቢው ሲጓዝ መተግበሪያው መንገዱንና ርቀቱን ይይዛል፤ ነገር ግን ከደጋው እስከ ሸለቆው የተደረገ ጉዞ በአንድ ዝርዝር ከተጠቃለለ ጥቅሙ ይጠፋል። ከፍታው በተለወጠ ቁጥር አዲስ ዝርዝር መክፈት ያስፈልጋል።

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የአካባቢው የወፎች ዝርዝር አስቀድሞ ከወረደ ደግሞ ምዝገባው ያለ ኔትወርክ ይካሄዳል። ይህ ለዋግ ወሳኝ ነው። ኔትወርኩ በገጠሩ የተቆራረጠ ከመሆኑ በላይ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ግን አለ፦ ያልተላከ ዝርዝር ያለው በዚያው በተመዘገበበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር በዚያው አካውንት ቢገቡ አይታይም፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም መተግበሪያው ቢሰረዝ አብሮ ይጠፋል። ኔትወርክ እስኪገኝ ድረስ በወረቀት ግልባጭ መያዝ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ በዚህ አካባቢ የሥራው አካል ነው።

ከወረቀት ወደ ስልክ ሲገለበጥ ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ ያሳስታሉ። መተግበሪያው በሥፍራው ሲከፈት ሰዓቱን ከስልኩ ስለሚወስድ ችግር የለም። ከማስታወሻ ደብተር ሲገለበጥ ግን ከጠዋቱ 1፡30 ላይ የታየ አሞራ እንዳለ «1፡30» ተብሎ ከገባ በውድቅት ሌሊት እንደታየ ይቆጠራል፤ በፈረንጆቹ 7፡30 ተብሎ መግባት አለበት። የቀኑ ስሕተት ይብሳል። በደብተር ላይ 5/7/2016 ተብሎ የሰፈረው መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 14 ቀን 2024። እንዳለ ከተገለበጠ ጁላይ 5 ቀን 2016 ይሆናል፤ ከሩሲያና ከማዕከላዊ እስያ ለበጋው ብቻ የሚመጣው ንስርም በክረምቱ ዝናብ ሰቆጣ ላይ ሲያንዣብብ እንደታየ ተጽፎ ይቀራል። ኢበርድ ለየአካባቢውና ለየወሩ የማይጠበቁ ወፎችን የሚይዝ ማጣሪያ አለው፤ አጠራጣሪውን በጎ ፈቃደኛ ባለሙያ ያየዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ወፍ በስሕተት ወር ቢገባ ግን ማጣሪያው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ዝርዝሩ ሲዘጋ መተግበሪያው የለዩአቸውን ወፎች ሁሉ መዝግበው እንደሆነ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ወፍ አልታየም ማለት ስለሚሆን፣ አጥኚ መኖርን ብቻ ሳይሆን አለመኖርንም ማስላት ይችላል። ብርቅ ወፍ ብቻ መርጦ፣ ቁራውንና እርግቡን ትቶ «አዎ» ማለት መዝገቡን ያበላሻል። ቁጥሩ ካልታወቀ በቁጥሩ ፋንታ ኤክስ ይገባል፤ ግምት ግን ከኤክስ ይሻላል። ሦስት ጓደኛሞች አብረው ከወጡ አንዱ ይመዘግብና ዝርዝሩን ለሌሎቹ አካውንት ያጋራል፤ ሁሉም ለየብቻ ከላኩ 20 አሞራ 60 ይሆናል።

ከኢበርድ ሌላ በደቡብ አፍሪካ የተሠራው በርድላሰር ለአፍሪካ የአእዋፍ አትላስ ሥራ ያገለግላል፤ በዚህ አትላስ የካርታው አራት ማዕዘን ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አይናቹራሊስት በፎቶግራፍ ላይ ይመሠረታል። የኮርኔሉ ሜርሊን ወፉን ለመለየት የሚረዳ ነው።

የኢበርድ መረጃ ለዓለም አቀፉ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋትም ይተላለፋል፤ ተመራማሪዎችም ያለ ክፍያ ይጠቀሙበታል። በዋግ ገደሎች ይህ በተለይ ለአሞራዎች ያስፈልጋል። በገደል ላይ ጎጆ የሚሠራው የሩፔል አሞራና ሌሎች 3 የአፍሪካ አሞራ ዝርያዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት ተርታ ገብተዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የተመረዘ ጥንብ ነው። አዘውትሮ የሚቆጠር ገደል ከሌለ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል የሚያውቅ አይኖርም። በአደን ወይም በንግድ ለተጋለጡ አንዳንድ ዝርያዎች ኢበርድ ትክክለኛውን ቦታ ከሕዝብ ይሰውራል።

የአእዋፍ ጎብኚዎች የተለመደ መንገድ በአንኮበር፣ በባሌና በስምጥ ሸለቆ በኩል ስለሆነ ሰቆጣ ከዚያ መስመር ውጭ ናት። ጎብኚ ቢመጣም የሚመጣው በበጋ ነው። የክረምቱን መዝገብ ሊሞላ የሚችለው እዚያው የሚኖር መምህር፣ ተማሪ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም በተከዜ ሐይቅ የሚያጠምድ ዓሣ አጥማጅ ነው። መተግበሪያው በነፃ ይወርዳል፤ ከግቢ ሳይወጡ ለ15 ደቂቃ የተያዘ ሙሉ ዝርዝርም ተቀባይነት አለው።