ስለ ፎቶግራፍ መሣሪያ ታሪክና ስለ ስሕተት ዋጋ

ዛሬ አንድ አባት የልጁን ፈገግታ አሥር ጊዜ አንሥቶ ዘጠኙን ይደመስሳል፤ አንዱን ያስቀራል። ይህን ሲያደርግ አንዲት ሳንቲም አላወጣም። ዕድሜው የገፋ አንባቢ ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልነበረ ያስታውሳል። ሠላሳ ስድስት ፎቶግራፍ የሚይዝ ፊልም ተገዝቶ ለሠርግና ለጥምቀት በቁጠባ ይቆይ ነበር፤ ፎቶ ቤት ታጥቦ ግማሹ ተቃጥሎ ቢገኝ የጠፋው ቀን ተመልሶ አይመጣም፤ የፊልሙም ዋጋ እንደዚሁ። ስለዚህ የፎቶግራፍ ታሪክ፥ በተለይም ፎቶግራፍን ለደስታው እንጂ ለእንጀራው በማያነሣ ሰው ዓይን ሲታይ፥ የስሕተት ዋጋ እየረከሰ የመጣበት ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ጣራና ግንብ በማዕድን ሰሌዳ ላይ ሲያስቀር፥ ሰሌዳው ለብዙ ሰዓታት ብርሃን መቀበል ነበረበት። የአገሩ ልጅ የዳጌር ዘዴም በ1839 ለዓለም ሲገለጥ በብር የተለበጠ ሰሌዳና የሜርኩሪ እንፋሎት የሚጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን መሳሳት የሚችል ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ይህን የለወጠው በሮቼስተር ከተማ የባንክ ጸሐፊ የነበረው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። በ1888 ኮዳክ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ በ25 ዶላር ሸጠ። በውስጡ መቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ፊልም ነበረበት፤ ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ መሣሪያውን እንዳለ ከ10 ዶላር ጋር ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካውም ሥዕሎቹን አትሞ፥ አዲስ ፊልም ጨምሮ ይመልስለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው መሣሪያ በአንድ ዶላር ወጣ። ልብ ሊባል የሚገባው፥ የድርጅቱ ዋና ትርፍ በመሣሪያው ላይ አልነበረም፤ በፊልሙና በእጥበቱ ላይ ነበር እንጂ። እንዲያውም ደንበኛው ባበላሸ ቁጥር ሌላ ፊልም ይገዛል።

እንግዲህ ፊልምን የሚያስቀር መሣሪያ ከዚያው ቤት መውጣቱ የሚያስደንቅ ነው። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ቤተ ሙከራ ሲሲዲ የተባለውን ክፍል ፈለሰፉ፤ ይህም ክፍል በላዩ የሚያርፈውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያገለግል ነው። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ይህንኑ ይዞ፥ ከሲኒማ ማንሻ የተወሰደ ሌንስ፥ 16 ባትሪዎችና የካሴት መቅጃ አገጣጥሞ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ ሠራ። ሥዕሉ አሥር ሺሕ ነጥብ ብቻ ነበረው። አንዱን ሥዕል በካሴቱ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጃል፤ አንዱም ካሴት 30 ሥዕል እንዲይዝ ተወሰነ። ቁጥሩን የመረጡት ሰው በፊልም ከለመደው 24 እና 36 መካከል እንዲውል ብለው ነው።

በመጀመሪያ የተነሣችው በዚያው ቤተ ሙከራ የምትሠራ ወጣት ነበረች። ሥዕሉ በቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ የጠጕርዋ ቅርፅ ታየ፤ ፊትዋ ግን ተዘበራርቆ ቀረ። ጥቂት ሽቦዎች ቦታ ቢለዋወጡ ፊትዋ ተገለጠ። ለዚህ ስሕተት የባከነ ፊልም አልነበረም።

አለቆቹ ግን ሥዕሉን በቴሌቪዥን ማየት የሚፈልግ ማን ነው ብለው እንደ ጠየቁት ሳሰን በኋላ ተናግሯል። ብዙ ጸሐፊዎች በእነዚህ ሰዎች ይሥቁባቸዋል፤ እኔ ግን አልሥቅም። ፊልም ሸጦ ለሚያድር ቤት፥ ፊልም የማይሻ መሣሪያ ማሳደግ የራስን ጎተራ ከሥር እንደ መቅደድ ነው።

ሌሎች ቀደሙ። በ1995 የወጣው የጃፓኑ ካሲዮ ኪውቪ-10 ከጀርባው ትንሽ መስታወት ነበረው፤ የተነሣው ሥዕል ወዲያው በዚያ ላይ ይታያል። እኔ ከነጥቦቹ ብዛት ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ። ቀድሞ ጀማሪው ስሕተቱን የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ፥ ብርሃኑንም የመዝጊያውንም ፍጥነት ከረሳ በኋላ ነበር፤ ትጉሁ ብቻ በማስታወሻ ደብተር ይጽፈው ነበር። ዛሬ መሣሪያው ራሱ ይህን ሁሉ ከሥዕሉ ጋር መዝግቦ ያስቀምጣል። በ2003 ካኖን ሌንሱ የሚለወጥ ዲጂታል መሣሪያ ከአንድ ሺሕ ዶላር በታች አቀረበ፤ በጥር ወር 2012 ኮዳክ ከአበዳሪዎቹ ይጠበቅ ዘንድ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

የኒየፕስ ሰሌዳ ዛሬ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይገኛል፤ ሥዕሉ ደብዛዛ ቢሆንም በባዶ ዓይን ይታያል። የሳሰንን ካሴት ለማየት ግን ለብቻው የተሠራ ማንበቢያ ያስፈልግ ነበር፤ በየቤታችን በአሮጌ ኮምፒዩተርና በተሰበረ ስልክ ውስጥ የቀሩት የልጆቻችን ሥዕሎችም እንደዚያ ካሴት አንባቢ የሚጠብቁ ናቸው።