የዕቃ ቆጠራና የክምችት ዋጋ

የዕቃ ቆጠራ፣ በተለምዶ ኢንቬንተሪ፣ ድርጅት ለሽያጭ ወይም ለምርት ያከማቸውን ዕቃ በአካል ቆጥሮ ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክርበትና ዋጋ የሚሰጥበት የሒሳብ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ብዙ ድርጅቶችም ይህንኑ ስለሚከተሉ፣ በዚያ ሰሞን «ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት መጋዘን ብርቅ አይደለም። ቆጣሪዎች መደርደሪያው ላይ ያገኙትን የየዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ቀሪ ጋር ያስተያያሉ። በትርፍ የተገኘ ዕቃም ደስ አያሰኝም፤ ብዙ ጊዜ ሳይመዘገብ የገባ ዕቃ ምልክት ነው።

ከባዱ ዋጋው ነው። ነጋዴ 100 ከረጢት ሲሚንቶ እያንዳንዱን በ1,000 ብር፣ ቀጥሎ ሌላ 100 በ1,200 ብር ገዝቶ 120ውን ቢሸጥ፣ «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል» በሚለው ስሌት የቀሪው 80 ከረጢት ዋጋ 96,000 ብር፣ በአማካይ ዋጋ ደግሞ 88,000 ብር ይሆናል። «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል» ከተባለ ወደ 80,000 ይወርዳል። ይህ ስሌት ዋጋ በሚንርበት ዘመን ትርፍንና ግብርን ያሳንሳል፤ አሜሪካ ትፈቅደዋለች፣ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ አይኤኤስ 2 ግን አይቀበለውም። በዚሁ ደረጃ ክምችት የሚያዘው ከወጣበት ወጪና የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ ከሚያወጣው ዋጋ በዝቅተኛው ነው፤ እርጥበት ነክቶት የጠጠረ ሲሚንቶ በተገዛበት ዋጋ መዝገብ ላይ አይቆይም።