የደምና የኩላሊት ምልክቶች በልብ ሕመም ትንበያ፦ ቤተ እስራኤላውያን ሕሙማን በአሽዶድ

አኅጽሮተ ጥናት
ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) በኋላ የሕሙማንን ዕጣ ለመገመት የደምና የኩላሊት ምርመራዎች ያገለግላሉ። ይህ መጣጥፍ በእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ እነዚህ ቁጥሮች ከሕመምተኛው የቀድሞ ውጤት ጋር ተነጻጽረው ሊነበቡ ይገባል ሲል ይሞግታል።

ኩላሊት
ልብ ሲዳከም ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ጨውና ውኃ ተጠራቅሞ በልብ ላይ ጫና ያበዛል። ግሬስ የተባለው የአደጋ መመዘኛ የኩላሊትን አሠራር የሚጠቁመውን የደም ክሬአቲኒን ከዕድሜ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ምት ጋር የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ቫሊያንት የተባለው ጥናት ትንታኔ ልባቸው በሃርት አታክ የተዳከመ 14,527 ሕሙማንን መርምሮ፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ81 በታች በ10 ነጥብ በወረደ ቁጥር የሞትና የልብ ችግር አደጋ በ10 ከመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ይሁንና ይህ አቅም በአብዛኛው ከክሬአቲኒን በቀመር የሚሰላ ግምት ነው። ክሬአቲኒኑ 1.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ የ60 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወንድ፣ እንደ ጥቁር ቢቆጠር፣ ለጥቁሮች በ1.159 በሚያባዛው የ2009 ቀመር 63 ገደማ ያገኛል፤ ዘርን በተወው የ2021 ቀመር ግን 58 ገደማ። ለሦስት ወር ከ60 በታች መቆየት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም መለያ ስለሆነ፣ የቀመሩ ምርጫ ብቻውን ሕመሙን ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ ክሬአቲኒኑ ራሱ ከሕመምተኛው የቀድሞ ውጤት ጋር ሊነጻጸር ይገባል።

ነጭ የደም ሴሎች
የተጎዳ የልብ ጡንቻ የሚቀሰቅሰው ብግነት ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ሲያበዛ፣ የጭንቀት ሆርሞን ሊምፎሳይት የተባሉትን ይቀንሳል። ስለዚህ የሁለቱ ምጣኔ መጨመር ከከፋ ውጤት ጋር ተያይዟል። በቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ግን በዘር የሚወረስ፣ ጉዳት የሌለው የኒውትሮፊል ማነስ የተለመደ ነው፤ በቀይ የደም ሴል ላይ ደፊ የተባለው ፕሮቲን ካለመኖሩ ጋር ይያያዛል። ለአብነት፣ በጤናው ጊዜ በማይክሮሊትር 1,200 ኒውትሮፊልና 2,000 ሊምፎሳይት ያለው ሰው ምጣኔው 0.6 ነው። በታመመበት ቀን 4,000 እና 1,600 ቢሆን 2.5 ይደርሳል። ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ አያስደነግጥም፤ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ግን ከአራት እጥፍ በላይ አድጓል።

ማጠቃለያ
እንዲህ ያለው ንጽጽር በአሽዶድ የሚቻል ነው። አሱታ አሽዶድ የተባለው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2017 ከተከፈተ ወዲህ ሮቫ ቴት በተባለው የከተማው ሰፈር የሚኖር ሰው በዚያው በከተማው መታከም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የእስራኤል የጤና መድን ሕግም እያንዳንዱን ነዋሪ በአራቱ የጤና መድን ድርጅቶች (ቁፖት ሖሊም) ሥር ስላቀፈ፣ የዓመታት የምርመራ ውጤት በመዝገብ ሊገኝ ይችላል። የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው የደም ምርመራ ትሮፖኒንና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ኢሲጂ የሕመሙን ልየታ ይመሩታል፤ የተዘጋውን የደም ሥር መክፈትም መዝገብ ለመፈለግ ተብሎ መዘግየት የለበትም። አደጋው ሲመዘን ግን ሐኪሙ የቀድሞውን ክሬአቲኒንና የደም ቆጠራ ከአዲሱ ጎን ያስቀምጥ፤ ተመራማሪዎችም ለዚህ ማኅበረሰብ የሚስማማውን የአደጋ ወሰን ከራሱ መረጃ ያውጡ።