የሀብት ጥያቄ በኢትዮጵያ፦ ከሽማግሌ እስከ ደላላ

በደጋው ኢትዮጵያ የሰውን ሀብት ፊት ለፊት መጠየቅ ለረጅም ዘመን እንደ ነውር ተቆጥሯል። ከብት ቆጥሮ መናገር ለዓይን ያጋልጣል ይባላል፤ ስለ ጎተራ አጥብቆ የሚጠይቅ እንግዳም ደስ አያሰኝም። የቡዳ ፍርሃት ብቻውን ግን ነገሩን አያስረዳም። ገባሩ አሥራትና ግብር የሚከፍለው አዝመራው ተገምቶ ስለነበር፣ ስለ ምርቱ የሚጠይቅ ሁሉ ከገማች ወገን ሊሆን ይችል ነበር። በ1960 ዓ.ም በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ክፍያው ስለከበደው ብቻ አልነበረም፤ ገማቹ መሬት ለክቶ ርስት ያስነጥቃል የሚለው ስጋት ብሶበት ነበር።

እንዲህም ሆኖ ጥያቄው ተገቢ ቦታ ነበረው። ለጋብቻ የሚነጋገሩ ሽማግሌዎች የሁለቱን ቤት ሀብት በግልጽ ያነሳሉ። የወንዱ ወገን ይህን ያህል በሬ፣ ይህን ያህል ላም ሲል የሴቷም ወገን ተመጣጣኙን ይጠራል፤ ማጫው በምስክር ፊት ይጸናል። ጎረቤት ቢጠይቀው ነውር የሚሆነውን ነገር ሽማግሌ ሳይጠይቅ ቢቀር ጥፋት ነው። በእቁብም ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሲጠራ የዋሱ አቅም ያለ ይሉኝታ ይመረመራል።

ወደ ከተማ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ቦታ የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት መሆኑ በሕግ የጸናው በ1900 ዓ.ም ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ጥያቄውን አደገኛ ያደረገው ግን ሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ «ትርፍ ቤት» ተወረሰ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረውን ቀበሌ ተረከበው። «እገሌ ስንት ቤት አለው?» የሚለው ወሬ ከዚያ በኋላ ቤት የሚያሳጣ ጥያቄ ሆነ። የቀበሌ ቤት ኪራይ በአንጻሩ ማንም የሚያውቀው ጥቂት ብር ስለነበር የሚደበቅ ነገር አልነበረውም።

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲጀመር ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነበር፤ የባለዕጣዎች ስምም በጋዜጣ ይወጣ ነበር። ቤቱን እስከ አምስት ዓመት መሸጥ ስለተከለከለ ግን ሽያጩ በውክልና ስም በጓሮ ይፈጸም ጀመር፤ እውነተኛው ዋጋ እንደገና ምስጢር ሆነ። በሌላውም የቤት ሽያጭ በውል ላይ የሚጻፈው ገንዘብ ግብር ለመቀነስ ሲባል ብዙ ጊዜ ከተከፈለው ያንሳል፤ ለዚህም የከተማው አስተዳደር የራሱን ግምት ያወጣል። ገዢን «ስንት ገዛኸው?» ማለት እንግዲህ የትኛውን ዋጋ እንደሚናገር ማስጨነቅ ነው።

ስለዚህ ከተሜው ዙሪያውን ይሄዳል። «ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ?» ማለት ይቻላል። ዋጋ ለማወቅ የፈለገ ደግሞ «እዚህ ሰፈር ካሬው ስንት ገባ?» ይላል፤ ተጠያቂውም የራሱን ቤት ሳያነሳ የገበያውን ይነግረዋል። ይህም ካልሆነ ደላላ አለ፤ ዋጋ መናገር እንጀራው ነውና ማንም አይታዘበውም። የደመወዝ ጥያቄ በግል ድርጅት እንዲሁ ይሸፋፈናል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ስኬሉ ስለሚታወቅ ደረጃውን መናገሩ ይበቃል።

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የገጠማቸው ሌላ ሥርዓት ነው። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ቤት የተሸጠበት ዋጋ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይገኛል። ለቤት ምረቃ የተጠራ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት በስልኩ ሊያየው ይችላል፤ ከደረሰ በኋላ ግን «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ስለ ዋጋው ሳያነሳ ቢቀር ጨዋ ይባላል።